ወለተ ጴጥሮስ፤ ባሏን ትታ የመነኮሰችው እመቤት

የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ስለ ተዋሕዶ እምነቷ ከአፄ ሱስንዮስና ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር ያደረገችውን ተጋድሎ ነው። ይሁንና ከዚያ በፊት ሌላ ፈተና ነበረባት፤ እሱም በሕይወት ያለና የሚወዳት ባል ነው።

ወለተ ጴጥሮስ ከባሕር ሰገድና ከክርስቶስ ዕበያ፣ ከመኳንንት ወገን ተወለደች። በወጣትነቷ የተዳረችለት መልክአ ክርስቶስ የንጉሡ አማካሪና የጦር አዛዥ ነበር። 3 ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ። ለመመንኮስ የቆረጠችው ከዚህ በኋላ ነው።

ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋብቻ ከ7ቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 7 ላይ ያላገባ ሰው ሐሳቡ ለጌታ ያደላል ይላል፤ እዚያው ምዕራፍ ላይ ደግሞ ያገባች ሴት ከባሏ እንዳትለይ ያዛል። ወለተ ጴጥሮስ በሁለቱ መካከል ነበር የቆመችው። ባሏ ለዘመቻ በሄደበት ጊዜ ቤቷን ጥላ ወደ ጣና ገዳማት ሸሸች። መልክአ ክርስቶስም ተደብቃበታለች የተባለውን አገር በሠራዊት አስጨነቀ። የሚገርመው፣ ወደ ባሏ እንድትመለስ የለመኗት ራሳቸው የሃይማኖት አባቶች ናቸው። (ይህን ክፍል የሚተርክልን ሰባኪ ብዙ አላጋጠመኝም።) ሕዝቡ በእሷ ምክንያት እንዳይጎዳ ስትል ተመለሰች።

ትዳሩ ግን አልቀጠለም። በ1609 ዓ.ም ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በንጉሡ ሠራዊት ተገደሉ። በግድያው ባሏ እጁ እንዳለበት ስታውቅ ዳግመኛ ወጣች፤ ፀጉሯን ተላጭታም መነኮሰች። ለእኔ እንደሚመስለኝ የመጀመሪያው መውጣቷ ሐዘንና ናፍቆት ነበር፤ ሁለተኛው ግን ፍርድ ነው።

አፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። የንጉሡን እምነት በአደባባይ የተቃወመችው መነኩሲትም ለፍርድ ቀረበች። ሞት እንዳይፈረድባት ንጉሡን የለመነው ማን ነበር? ጥላው የወጣችው መልክአ ክርስቶስ ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሁለተኛ ስትከሰስም እንዲሁ አደረገ፤ ከመገደል ይልቅ የኢየሱሳውያኑ አለቃ አልፎንሶ ሜንዴዝ እንዲያስተምሯት መከረ። ትምህርቱ ግን አልያዘም። በመጨረሻ በሱዳን ጠረፍ ወዳለችው ዠበይ ለ3 ዓመት ተጋዘች።

ግዞቱ ለንጉሡ አልበጀም፤ ተከታዮች እየፈለጓት ወደ በረሃው መጡ። ዠበይ ከመሠረተቻቸው 7 ማኅበራት የመጀመሪያው ሆነ። ሌሎቹን ከግዞት መልስ በጣና ዙሪያና በሌሎች ቦታዎች አቋቋመች። በዚህ ሁሉ ያልተለየቻት እኅተ ክርስቶስ ነበረች፤ እሷም ባሏን ትታ የመነነች ናት። አፄ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም ሃይማኖቱ ይመለስ ብለው ሲያውጁ ወለተ ጴጥሮስ የብዙ መነኮሳትና መነኮሳይያት እናት ሆና ነበር።

ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም በ50 ዓመቷ፣ በመነኮሰች በ26 ዓመቷ አረፈች። ማኅበሩን እኅተ ክርስቶስ ተረከበች። ካረፈች ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ አባ ገላውዴዎስ ገድሏን በግዕዝ ጻፈ፤ ሁለት ጊዜ ከሞት ያስጣላትን ባሏንም በገድሉ ውስጥ አልዘለለውም። አፄ ፋሲለደስ ደግሞ በጣና ዳር፣ በቋራጣ፣ በስሟ ለተመሠረተው ገዳም መሬት ሰጡ።