ዘርና ፀሐይ፦ ኢብን አል-በይጣርና በብርሃን የሚነቁ መድኃኒቶች

መግቢያ

በብርሃን የሚነቁ መድኃኒቶች በጨለማ ሳሉ በሕዋስ ላይ እምብዛም ጉዳት የማያደርሱ፣ ተስማሚ ብርሃን ሲያርፍባቸው ግን ከሕዋሱ ሞለኪውሎች ጋር የሚጣመሩ ወይም እነርሱን የሚለውጡ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሶራሌን የተባሉት ረጅም ታሪክ አላቸው። ዘመናዊ ሳይንስ ስም ሳያወጣላቸው ከብዙ ዘመናት በፊት፣ የተክሉን ዘርና የፀሐይን ብርሃን አጣምሮ የሚጠቀም ሕክምና በጽሑፍ ተመዝግቦ ነበር። መዝገቡን ለትውልድ ካቆዩት ሊቃውንት አንዱ የዕፅዋት ተመራማሪው ኢብን አል-በይጣር ነው። ይህ ጽሑፍ የሊቁን ሕይወት ባጭሩ ይቃኛል፤ ያቆየው ምልከታ በዛሬው ቤተ ሙከራ ምን ትርጉም እንዳለውም ያሳያል።

ትምህርትና ጉዞ

ዲያእ አል-ዲን ኢብን አል-በይጣር በ1197 እ.ኤ.አ. ገደማ በአንዳሉስ፣ በዛሬዋ ስፔን፣ በማላጋ አካባቢ ተወለደ። የስሙ ትርጉም የእንስሳት ሐኪም ልጅ ማለት ነው። በሴቪያ ከአቡ አል-አባስ አል-ነባቲ ዘንድ የዕፅዋትን ዕውቀት ቀሰመ። መምህሩ ከመጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ከመስክም ዕውቀት የሚሻ ሰው ስለነበረ፣ ደቀ መዝሙሩም ተክልን በበቀለበት ስፍራ አይቶ መመርመርን ልማዱ አደረገ።

በ1219 እ.ኤ.አ. ገደማ የትውልድ አገሩን ለቅቆ በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ወደ ምሥራቅ ተጓዘ። በዛሬዋ አልጄሪያ የምትገኘውን ቡጂያን፣ ከዚያም ቱኒስንና ትሪፖሊን አቋርጦ ታናሽ እስያ ደረሰ። ከ1224 እ.ኤ.አ. በኋላ በግብፅ የአዩቢዱ ሱልጣን አል-ካሚል አገልጋይ ሆነ፤ በመድኃኒት ዕፅዋት አዋቂዎች ሁሉ ላይም አለቃ ተደርጎ ተሾመ። የሱልጣኑ ሥልጣን ደማስቆን ባቀፈ ጊዜ የሶርያን ዕፅዋት የመመርመር ዕድል አገኘ። በዚያም የሐኪሞችን ታሪክ የጻፈው ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ አብሮት ወደ መስክ ይወጣ ነበር። ኢብን አል-በይጣር አንድን ተክል ባነሣ ቁጥር ዲዮስቆሪደስና ጋሌን በየትኛው ክፍል እንደጻፉት ከነተራ ቁጥሩ በቃሉ ይናገር እንደነበር የመሰከረው ይኸው ደቀ መዝሙር ነው።

ስለ መድኃኒቶችና ምግቦች ያዘጋጀው ታላቅ መጽሐፍ፣ ኪታብ አል-ጃሚዕ፣ 1400 ያህል መግለጫዎችን በፊደል ተራ ያቀርባል። ከ150 የሚበልጡ ቀደምት ጸሐፍትን እየጠቀሰ፣ የእያንዳንዱን ቃል ለባለቤቱ ይሰጣል፤ የራሱንም ምልከታ ለይቶ ያኖራል።

የአትሪላል ምሥጢር

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አትሪላል የተባለ፣ ዛሬ አሚ ማጁስ በሚል የሳይንስ ስም የሚታወቅ ተክል ይገኛል። ዘሩ የሚሰጠው የቆዳ ቀለም በነጠብጣብ ለሚጠፋበት ሕመም ነበር። ሕመሙ በዛሬው ሕክምና ቪቲሊጎ ይባላል፤ በአማርኛ በተለምዶ ለምጽ የሚባለውም ይኸው ነው። የሕክምናው ዕውቀት በምዕራቡ ሰሜን አፍሪካ በአንድ የበርበር ነገድ እጅ ነበር። ነገዱ ለፈላጊዎች መድኃኒቱን ይሰጣል፤ ምንነቱን ግን አይገልጥም፤ ምሥጢሩም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። ኋላ ግን ነገሩ ታወቀ፤ ኢብን አል-በይጣርም በመጽሐፉ አሰፈረው።

ሕመምተኛው የተፈጨውን ዘር ከወሰደ በኋላ ነጩን ቆዳ ገልጦ በጠራራ ፀሐይ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ነጩ ስፍራ ውኃ ይቋጥራል፤ ጤነኛው ቆዳ ግን አይነካም። ቁስሉ ሲድን ቀለሙ ቀስ በቀስ ይመለሳል። የምልከታው ዋጋ የተክሉን ስም በማቆየቱ ብቻ አይወሰንም፤ ዘሩና ፀሐዩ ተጣምረው እንደሚሠሩ፣ የጤነኛውና የታመመው ቆዳ ምላሽም እንደሚለያይ ግልጽ ማድረጉ ነው። ለልዩነቱ ዛሬ የሚሰጠው ማብራሪያ ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም ጨረሩን ስለሚከላከል፣ ቀለም የሌለው ስፍራ ግን ጋሻ ስለሌለው ነው።

በሕዋስ ውስጥ የሚሆነው

በ1947 እ.ኤ.አ. የግብፅ ተመራማሪዎች ከዚሁ ተክል 8-ሜቶክሲሶራሌን የተባለውን ንጥረ ነገር ነጥለው አወጡ። በ1974 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱን ከ320 እስከ 400 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ካለው አልትራቫዮሌት ኤ ጨረር ጋር በማጣመር ሶሪያሲስ የተባለውን የቆዳ ሕመም የማከም ዘዴ በአሜሪካ ይፋ ሆነ።

ጠፍጣፋው የሶራሌን ሞለኪውል በዲኤንኤ ድርብ ጥቅል ውስጥ፣ በቤዞች መካከል ይሰካል። በጨለማ ይህ ትስስር ልል ስለሆነ ሞለኪውሉ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። አንድ ፎቶን ሲያርፍበት ግን ታይሚን ከተባለው ቤዝ ጋር በጽኑ ኬሚካላዊ ትስስር ይጣመራል። ቦታው ተስማሚ ከሆነ ሁለተኛ ፎቶን የሞለኪውሉን ሌላኛ ጫፍ ከተቃራኒው ሰንሰለት ታይሚን ጋር ያስረዋል። ሁለቱ ሰንሰለቶች እንዲህ ከተጋመዱ መለያየት አይችሉም፤ ዲኤንኤ መባዛቱም መነበቡም በዚያ ስፍራ ይቆማል።

በቤተ ሙከራ በሚራቡ ሕዋሳት ላይ ይህን ለማረጋገጥ አራት ምድቦች ይዘጋጃሉ፦ ምንም ያልተደረገበት፣ መድኃኒት ብቻ ያገኘ፣ ጨረር ብቻ ያረፈበት፣ ሁለቱንም ያገኘ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምድቦች ከሌሉ የአራተኛው ጉዳት ከጥምረቱ ስለ መምጣቱ ማረጋገጫ አይኖርም። ነጠላውን ጉዳት ከድርቡ ለመለየት ደግሞ ጨረሩ ለሁለት ይከፈላል። ከመጀመሪያው ጨረር በኋላ ያልተጣመረው መድኃኒት ታጥቦ ይወገዳል፤ ሁለተኛው ጨረር አስቀድሞ የተፈጠሩትን ነጠላ ትስስሮች ወደ ድርብ ይለውጣል። የተጋመደ ዲኤንኤ በሙቀት ሰንሰለቶቹ ቢላቀቁም ሙሉ በሙሉ ስለማይራራቁ፣ ሲቀዘቅዝ ፈጥኖ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል፤ መጠኑም በዚህ ጠባይ ይለካል።

ሕዋሱም ዝም ብሎ አይጠፋም። ነጠላውን ጉዳት ቆርጦ በማውጣት ይጠግናል፤ ለድርቡ ግን የብዙ ፕሮቲኖች ቅንጅት ያስፈልገዋል። ፋንኮኒ አኔሚያ ከተባለው የዘር ሕመም ተጠቂዎች የተወሰዱ ሕዋሳት በአነስተኛ መጠን እንኳ የሚሞቱት ይህ ቅንጅት ስለሚጎድላቸው ነው።

ማጠቃለያ

መድኃኒቱን ጠቃሚ የሚያደርገው ጠባይና አደገኛ የሚያደርገው ጠባይ አንድ ነው። በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን የሚገታው የዲኤንኤ ጉዳት፣ በትክክል ሳይጠገን ሲቀር የዘረመል ለውጥ ያስከትላል። ሕክምናውን ለብዙ ጊዜ በተደጋጋሚ የወሰዱ ሰዎች ላይ ስኩዌመስ የተባለው የቆዳ ካንሰር መጨመሩ በረጅም ዘመን ክትትል ታይቷል። ስለዚህ የጨረሩ መጠንና የሕክምናው ብዛት በጥንቃቄ ይመዘገባል።

ኢብን አል-በይጣር ከአል-ካሚል ሞት በኋላ ልጁን አል-ሳሊሕን አገልግሎ፣ ዋና መጽሐፉንም ለእርሱ አበርክቶ፣ በ1248 እ.ኤ.አ. በደማስቆ ዐረፈ። ስለ ዲኤንኤም ሆነ ስለ አልትራቫዮሌት የሚያውቀው አልነበረም፤ በዓመታት ውስጥ የሚገለጠውንም አደጋ ሊያይ አይችልም ነበር። ነገር ግን በአንድ ነገድ ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ዕውቀት ከነሁኔታዎቹ በመጻፉ፣ ሌሎች ሊፈትኑት፣ ሊያርሙትና ጉዳቱን ሊለኩት ቻሉ። ምሥጢር ሆኖ የቀረ መድኃኒት ጥቅሙም ጉዳቱም አይመረመርም፤ በግልጽ የተመዘገበ ግን ጸሐፊው ካለፈ በኋላም ለምርመራ ክፍት ሆኖ ይኖራል።