ተሸጦ የሄደው ልጅ፦ የማሊክ አምባር ታሪክ

በሕንድ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከተጻፈ የኢትዮጵያ ተወላጆች መካከል እንደ ማሊክ አምባር የገነነ የለም። የሙጋልን ነገሥታት ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል እንቅልፍ የነሣ፣ ከተማ የቆረቆረ፣ የግብር ሥርዓት ያሻሻለ ሰው ነበር። ይህን ሁሉ የሠራው ግን ከአገሩ እንደ ዕቃ ተሸጦ ከወጣ በኋላ ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አምባር የተወለደው በ1548 ገደማ ሲሆን የልጅነት ስሙ ቻፑ ነበር። በልጅነቱ ለባሪያ ነጋዴዎች ተሸጦ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈም ባግዳድ ደረሰ። በዚያ የገዛው ነጋዴ የልጁን አእምሮ ተመልክቶ ጽሕፈትና የሒሳብ አያያዝ አስተማረው፤ እስልምናንም ተቀብሎ አምባር ተባለ።

በ1570ዎቹ መጀመሪያ ደካን ወደሚባለው የሕንድ ክፍል ተወሰደ። በዚያ የገዛው የአሕመድናጋር መንግሥት ዋና ሚኒስትር ቼንጊዝ ኻን ነው፤ እርሱም ራሱ በባርነት የመጣ ሐበሻ ነበር። አምባር የመንግሥትን ሥራ ከእርሱ ዘንድ ተማረ። ጌታው ሲሞት ነጻ ወጣ፤ በወታደርነት እያገለገለም የራሱን ጭፍራ አበጀ።

በ1600 የሙጋሉ ንጉሥ የአክበር ጦር የአሕመድናጋርን ምሽግ ያዘ። ብዙዎች ተስፋ ሲቆርጡ አምባር ከንጉሣዊው ቤተ ሰብ አንዱን አንግሦ፣ ሴት ልጁን ድሮለት፣ እንደራሴ ሆኖ ጦርነቱን ቀጠለ። ፊት ለፊት መግጠም እንደማያዋጣው ስለ ተረዳ የማራታ ፈረሰኞችን አሰልፎ፣ በሌሊት ሰፈር እየወረረ፣ ስንቅ እየቆረጠ ከባዱን ጦር አደከመው። የአክበር ልጅ ጃሃንጊር ከንዴቱ የተነሣ በጻፈው ማስታወሻ የቆዳውን ጥቁረት እያነሣ ሰደበው። በ1616 ገደማም የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ፣ ንጉሡ የአምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ ሣለ። ነገሩ ግን በሥዕል እንጂ በእውን አልሆነም።

አምባር በ1610 ኻድኪ የተባለችውን ከተማ ቆረቆረ፤ ከመሬት በታች በተሠራ ቦይም ውሃ አስገባላት። ግብር የመሰብሰብን መብት እየገዙ ገበሬውን የሚመዘብሩትን አስቀርቶ፣ መሬቱን አስለክቶ፣ ለሙን ከጠፉ ለይቶ ግብሩን በምርቱ መጠን ወሰነ።

ይሁን እንጂ ጻድቅ አልነበረም። ከእርሱ ጋር የተጣላውን ንጉሥ በ1610 አስመርዞ በምትኩ ሕፃን እንዳነገሠ ይታመናል። ሥልጣኑንም ሁሉ በራሱ እጅ አከማቸ። በ1624 በባትቫዲ የሙጋልንና የቢጃፑርን ጦር በአንድነት ድል ነሣ፤ በ1626 በሰማንያ ዓመቱ ገደማ ሞቶ በኹልዳባድ ተቀበረ። ነገር ግን መንግሥቱ የቆመው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነበርና ልጁ ፋትህ ኻን ሊያቆመው አልቻለም፤ በ1636 ፈጽሞ ጠፋ። ስልቱ ግን በማራታዎች ዘንድ ቀረ። ከአምባር ጋር ከተሰለፉት አንዱ የሻህጂ ልጅ ሺቫጂ በዚሁ ስልት ተዋግቶ የራሱን መንግሥት መሠረተ።

እንግዲህ ቻፑን የሸጡት ሰዎች የሸጡት አንድ የጉልበት ሠራተኛ መስሏቸው ነበር። አእምሮውን ያየለት ባዕድ ሆነ። በዚያው ገበያ አብረውት የቆሙት ልጆች ስማቸው እንኳ አልተጻፈም፤ አስተማሪ ስላላገኙ ብቻ ስንት አምባር እንደ ጠፋ ማን ይቆጥራል? ዛሬ የባሪያው ገበያ ቢዘጋም ፊደል ሳይቆጥር የሚያድግ ልጅ ገና አለ። የመማር ዕድል የደረሰን እኛ ይህን ታሪክ የምናነበው ስለ ጥንቱ ሐበሻ ለመኩራራት ብቻ ከሆነ፣ ግማሹን አላነበብነውም ማለት ነው።