አባ ተስፋ ጽዮን

አባ ተስፋ ጽዮን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ የኖሩ ኢትዮጵያዊ መነኩሴና ሊቅ ነበሩ። በአውሮፓ ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ በሚል ስም ይታወቃሉ። በይበልጥ የሚታወሱት የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ በማሳተማቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወት

አባ ተስፋ ጽዮን የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበሩ። ገዳሙ በ1531 በግራኝ አሕመድ ጦርነት ተቃጠለ፤ በጦርነቱም በየቦታው ብዙ የብራና መጻሕፍት ጠፉ። እሳቸው አገራቸውን ለቀው በኢየሩሳሌም በኩል ሮም ደረሱ። እዚያም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በሚገኘው በቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር ተቀመጡ፤ በኋላም የማኅበሩ መሪ ሆኑ። ጳጳሱ ጳውሎስ 3ኛ እና ባለሟሎቻቸው ስለ ኢትዮጵያ ጉዳይ ያማክሯቸው ነበር።

የማተሚያው ፊደል

በግዕዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በ1513 በሮም ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። ለማተሚያ የሚሆን ፊደል ለመሥራት እያንዳንዱ ፊደል በብረት ጫፍ ላይ ተገልብጦ ይቀረጻል፤ ብረቱ መዳብ ላይ ይመታል፤ በተገኘው ቅርጽ ውስጥ የቀለጠ እርሳስ ይፈስሳል። ግዕዝ 26 ፊደላት በ7 ቤት፣ ከ20 ዲቃላ ፊደላት ጋር 202 ቅርጾች ስላሉት ሥራው ከላቲኑ እጅግ የበዛ ነበር። ቅርጹ የተወሰደው ከብራና ጽሕፈት ነው። ጸሐፊው በመቃ ብዕር ሲጽፍ ቁልቁል የሚወርደው መስመር ይወፍራል፣ አግድሙ ይቀጥናል። የታተመው ፊደልም ይህን ደማቅ መልክ ያዘ።

የሐዲስ ኪዳን ኅትመት

አባ ተስፋ ጽዮን ከተንሥአ ወልድና ከዘሥላሴ ጋር ሐዲስ ኪዳኑን በ1548 እና በ1549 አሳተሙ። አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፤ መነኮሳቱ ደግሞ የኅትመት ሙያ አያውቁም ነበር። ስለዚህ ብዙ የፊደል ስሕተት ገባ፤ አባ ተስፋ ጽዮንም በመጽሐፉ ውስጥ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። የሐዋርያት ሥራ የተሟላ ቅጂ ስላልተገኘ ትልቁ ክፍል ከላቲንና ከግሪክ ተተረጎመ።

ዕረፍትና ውርስ

አባ ተስፋ ጽዮን በ1550ዎቹ መጀመሪያ በሮም አቅራቢያ በምትገኘው በቲቮሊ ከተማ ዐረፉ። ከእሳቸው የተማረው ማሪያኖ ቪቶሪ በ1552 የመጀመሪያውን የታተመ የግዕዝ ሰዋስው አወጣ። በ1657 በለንደን የተጠናቀቀው የብዙ ልሳናት መጽሐፍ ቅዱስም የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን የወሰደው ከዚሁ እትም ነው። ስለሆነም የአውሮፓ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ያነበቡት እሳቸው ያሳተሙትን ቃል፣ ከነስሕተቱ ነበር።

የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ተካትቷል። ዛሬ በመቀሌም ሆነ በአዲስ አበባ በኮምፒውተር ላይ ከሚታዩት ቅርጾች ብዙዎቹ አሁንም የመቃ ብዕሩን ወፍራምና ቀጭን መስመር ይከተላሉ።