የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ሕይወት

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል። ከታኅሣሥ 7 ቀን ጀምሮ ያሉት ሦስቱ ሳምንታት ስብከት፥ ብርሃን፥ ኖላዊ ተብለው ይጠራሉ። በመጀመሪያው ነቢያት የጌታን መምጣት መስበካቸው፥ በሁለተኛው በጨለማ ላለ ሕዝብ ብርሃን ይላክ ዘንድ መለመናቸው፥ በሦስተኛው እረኛ ያጣ መንጋ እረኛውን መናፈቁ ይታሰባል። ዘመነ ብርሃን ከታኅሣሥ 14 እስከ 20 ቀን ነው፤ የአባ ሰላማ በዓለ ሢመት ደግሞ ታኅሣሥ 18 ቀን ስለሚውል ከዚህ ዘመን ወጥቶ አያውቅም። ካህናት ብርሃን ይወጣ ዘንድ በሚለምኑበት ሰሞን ለኢትዮጵያ ብርሃንን የገለጠው ጳጳስ መታሰቡ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም።

ይህ አባት በመጀመሪያ ስሙ ፍሬምናጦስ ይባል ነበር፤ አገሩም በፊንቄ ባሕር ዳር ያለችው ጢሮስ ናት። ገና ልጅ ሳለ ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ሩቅ አገር ለማየት ተነሣና እርሱንና ወንድሙን ኤዴስዮስን ይዞ ሄደ። ልጆቹ የሥጋ ዘመዶቹ ሲሆኑ በትምህርትም ደቀ መዛሙርቱ ነበሩ። የዚያ ዘመን ሮማውያን ከቀይ ባሕር ወዲያ ያለውን አገር ሁሉ ህንድ እያሉ ይጠሩት ስለ ነበረ፥ ይህን ታሪክ የጻፈው ሩፊኖስም አገራችንን በዚሁ ስም ጠርቷታል። አንባቢ በዚህ እንዳይሳሳት ልብ ይበል።

መርከቢቱ በመልስ ጉዞዋ ውኃና ስንቅ ለመያዝ ወደ አንድ ወደብ ቀረበች። የዚያ ዳርቻ ሰዎች ከሮም ጋር የነበራቸው ውል በፈረሰ ጊዜ በመካከላቸው ያገኙትን ሮማዊ ሁሉ የመግደል ልማድ ነበራቸው፤ ያን ጊዜም ውሉ ፈርሶ ነበር። ስለዚህ ፈላስፋውንና በመርከቡ የነበሩትን ሁሉ ገደሉ። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ። ገዳዮቹም አዘኑላቸውና ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። አባት የሆናቸው መምህር ሲታረድ እነርሱ በመጽሐፋቸው ላይ አቀርቅረው ነበር። ያ ቀን ከልጅ ልቡና የሚጠፋ አይደለም።

ንጉሡ ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊው አደረገው፤ ፍሬምናጦስን ግን አስተዋይነቱን አይቶ የመዝገቡና የደብዳቤው ጠባቂ አድርጎ ሾመው። ዮሴፍ በግብፅ እንደ ታመነ በአክሱም ቤተ መንግሥት ታመነ። ንጉሡ ሲሞት ለሁለቱም ነጻነት ሰጣቸው፤ ወደ ወደዱበት ይሄዱ ዘንድ መንገዱ ተከፈተላቸው። ንግሥቲቱ ግን ልጅዋ ሕፃን ነበረና መንግሥቱን በመጠበቅ ይረዷት ዘንድ ለመነቻቸው። እነርሱም እሺ ብለው ቀሩ። ፍሬምናጦስ መንግሥቱን በእጁ በያዘበት በዚያ ጊዜ የተገደሉትን ሰዎች ደም ሊበቀል ይችል ነበር፤ ሥልጣኑም ኃይሉም ነበረው። እርሱ ግን ለንግድ ከመጡት ሮማውያን መካከል ክርስቲያኖች እንዳሉ መረመረ፤ ባገኛቸውም ጊዜ በየሰፈራቸው የጸሎት ቤት እንዲሠሩ አደፋፈራቸው፤ ቦታና የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ ሰጣቸው። ክርስትና በአክሱም በአዋጅ ሳይነገር እንዲህ በዝግታ፥ በእንግዶች ጸሎት ጀመረ።

የንግሥቲቱ ልጅ አድጎ መንግሥቱን ሊይዝ በደረሰ ጊዜ ሁለቱ ወንድማማቾች አደራቸውን አስረክበው ተሰናበቱ። ንግሥቲቱና ልጅዋ እንዲቀሩ አጥብቀው ቢለምኗቸውም አልቀሩም። በዚህ ስፍራ መንገዳቸው ተለየ። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ናፍቆ ወደ ጢሮስ ቸኮለ፤ ይህም ሰው የሚወቅሰው ነገር አይደለም። ፍሬምናጦስም ወላጆች ነበሩት፤ ብዙ ዘመን ያላየው የአባቱ ቤት ነበረው። ነገር ግን ወደ እስክንድርያ ወረደ። በዚያም በቅርቡ በ328 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በማርቆስ መንበር ወደ ተቀመጠው ወደ አትናቴዎስ ገብቶ የሆነውን ሁሉ ነገረው፤ በዚያ አገር የተሰበሰቡ ክርስቲያኖች እንዳሉ አስረድቶ የሚገባ ሰው ፈልጎ ጳጳስ አድርጎ ይልክላቸው ዘንድ ለመነው። ለራሱ አልለመነም። አትናቴዎስም ካህናቱን ሰብስቦ ነገሩን ከመከረ በኋላ ከዚህ ሰው የሚሻል ሌላ ሰው ከወዴት ይገኛል ብሎ እርሱን ራሱን ጳጳስ አድርጎ ሾመውና ወደ መጣበት መለሰው።

መምህሩን በባሕሯ ዳር የገደሉባት፥ እርሱንም በባርነት የወሰዱባት አገር የመንጋው ማሰማርያ ሆነችለት። ወንጌል ጠላትን ስለ መውደድ የሚያዘውን ነገር ሊቃውንት በብዙ አንቀጽ ያብራሩታል፤ ይህ አባት ግን በአንድ መንገድ፥ ከእስክንድርያ ወደ አክሱም በተመለሰባት መንገድ ፈጸመው። ስለዚህም ሕዝቡ አባ ሰላማ፥ ከሣቴ ብርሃንም ብሎ ጠራው። የሰላምን ስም ያወጡለት የገዳዮቹ ወገኖች ናቸው።

ቤተ ክርስቲያናችን በዚያ ዘመን የነገሡትን ወንድማማች ነገሥታት አብርሃና አጽብሓ ትላቸዋለች፤ የመጀመሪያው ስም ማብራትን፥ ሁለተኛው ማንጋትን ያመለክታል። በድንጋይና በገንዘብ ላይ የተጻፈው ስም ኢዛና ነው። የዚህ ንጉሥ የቀድሞ ጽሕፈት ራሱን የመሕረም ልጅ ይለዋል፤ መሕረም የአረማውያን የጦርነት ጣዖት ነበር። የኋለኛው ጽሕፈት ግን ድሉን ለሰማይ ጌታ ይሰጣል፤ በግሪክ ቋንቋ የተቀረጸውም አብን ወልድን መንፈስ ቅዱስን ይጠራል። በገንዘቡ ላይም በፊት ጨረቃና ክብ ምልክት ነበረ፤ በኋላ መስቀል ተተካበት። መስቀልን በገንዘባቸው ከቀረጹት ከዓለም ነገሥታት መካከል የአክሱም ንጉሥ ከቀደሙት አንዱ ነው። የግእዝ ፊደልም አናባቢ ይዞ በድንጋይ ላይ የታየው በዚሁ ንጉሥ ዘመን ሲሆን፥ የአባቶች ትውፊት ይህን ሥራ ለአባ ሰላማ ይሰጣል። በ14ኛው መቶ ዓመት የነበሩትና መጻሕፍትን በማስተርጐማቸው መተርጕም የተባሉት ጳጳስ ሌላ አቡነ ሰላማ ናቸውና፥ አንዳንድ ሰው እንደሚያደርገው ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

ከሹመቱ በኋላ ሌላ ፈተና መጣ። በ325 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች አርዮስን ካወገዙ በኋላ የቈስጠንጢኖስ ልጅ ቈስጠንጢዮስ የአርዮሳውያንን ወገን ይዞ ነበር። አትናቴዎስን ከመንበሩ አሳድዶ በስፍራው ጊዮርጊስ የሚባለውን ቀጰዶቅያዊ አቆመ። በ356 ግድም ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ላከ፤ ፍሬምናጦስ የተሾመው በአትናቴዎስ እጅ ስለ ሆነ ሃይማኖቱ ይመረመር ዘንድ፥ ከጊዮርጊስም ይማር ዘንድ ወደ እስክንድርያ እንዲሰዱት የሚያሳስብ ነበር። አትናቴዎስ በምድረ በዳ በመነኮሳት መካከል ተሸሽጎ ሳለ ይህን ደብዳቤ ለንጉሡ በጻፈው የመከላከያ ቃል ውስጥ አስገብቶ ጠብቆታል። በዓለም ላይ ታላቅ የሆነ ቄሣር ስለ አንድ ጳጳስ ለአክሱም ነገሥታት መጻፉ የአባ ሰላማ ሥራ እስከ ወዴት እንደ ተሰማ ያስረዳል። ሁለት ጊዜ በሰው እጅ የወደቀው ሰው፥ በልጅነቱ በወደብ ገዳዮች በሽምግልናው በቄሣር፥ በሁለቱም እምነቱን አልለወጠም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የአትናቴዎስን ሃይማኖት እንደ ያዘች ኖረች።

ከዚያ ሢመት ጀምሮ ወደ 1600 ዓመት ያህል የኢትዮጵያ ሊቀ ጳጳስ ከእስክንድርያ ይላክ ነበር። በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ፤ በ1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ ተባሉ። የአባ ሰላማ ዕረፍት ሐምሌ 26 ቀን ይታሰባል፤ በዓለ ሢመቱ ግን ከላይ እንደ ተነገረው በብርሃን ዘመን ነው።

ወንድሙ ኤዴስዮስም በጢሮስ ተቀምጦ ቅስና ተቀበለ። ሩፊኖስ በ402 ግድም በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ያለው የዛፉ፥ የንግሥቲቱ፥ የእስክንድርያውም ነገር ሁሉ ከዚህ ቄስ አፍ የተሰማ ነው። ወንድሙ ሩቅ አገር ቀርቶ ጳጳስ ሲሆን እርሱ በቤቱ ሆኖ ታሪኩን ሲናገር ኖረ።