ድል አድራጊው ዊልያም

በዚህ ጽሑፋችን የምናወሳው የኖርማንዲው መስፍን ሮበርት ከጋብቻ ውጭ የወለደው ልጅ ነው። አባቱ በ1035 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በመንገድ ሲሞት፣ ዊልያም ገና የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ሕፃን ነበር። ሞግዚቶቹ እየተገደሉበት በሴራ መካከል አደገ።

በ1066 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ልጅ ሳይተካ በመሞቱ ሃሮልድ ዘውድ ጫነ። ዊልያም ዙፋኑ ቀድሞ ለእርሱ ቃል የተገባለት መሆኑን በመግለጽ ባሕር ተሻገረ። ሃሮልድ በሰሜን የኖርዌይን ንጉሥ ድል ባደረገ ማግሥት ወደ ደቡብ ገሠገሠ። በወታደር ዓይን ስንመለከተው፣ ጥቂት ቀናት ታግሦ የደከመውን ሠራዊቱን ማጠናከር በተገባው ነበር። ኦክቶበር 14 ቀን በሄስቲንግስ ኮረብታ ላይ ጋሻ ለጋሻ ገጥሞ የቆመው እግረኛ፣ የኖርማን ፈረሰኞች የሸሹ መስለው ሲያፈገፍጉ ሰልፉን አፍርሶ ተከተላቸው። ሲመሽ ሃሮልድና ሁለት ወንድሞቹ ወድቀው ነበር።

ዊልያም በገና ዕለት በዌስትሚንስተር ነገሠ፤ የሕዝቡ መከራ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ከ1069 እስከ 1070 በነበረው የብርድ ወራት፣ በዮርክ አካባቢ ያመፀውን ሕዝብ ለመቅጣት ሠራዊቱ እህሉንና ማረሻውን አቃጠለ፤ ከብቱን ፈጀ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። ይህን እኛ ውጊያ ብለን አንጠራውም።

የሳክሶን ባላባቶች ርስት ተነጥቆ ለኖርማን ሹማምንት ተከፋፈለ። መሬቱና የእርሻ ጥማዱ ሳይቀር በተቆጠረበት የ1086 መዝገብ፣ ከንጉሡ በቀጥታ ሰፊ ርስት የያዙ እንግሊዛውያን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ዊልያም በ1087 ሞተ። ጸሐፊው ኦርደሪክ እንደመዘገበው፣ በካን ከተማ በቀብሩ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ መቃብሩ የተቆፈረበት መሬት ከአባቱ በግፍ የተወሰደ መሆኑን ገልጾ አቤት አለ። ዋጋው ተከፈለውና ቀብሩ ቀጠለ።