ኤሊ ሜችኒኮፍ፦ እርጎ፣ የአንጀት ባክቴሪያና የመገጣጠሚያ ሕመም

ሩማቶይድ አርትራይተስ ወይም ሌላ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ ካለብዎ፣ አንጀትዎን እንዲያስተካክልልዎ እርጎ ይጠጡ ብሎ የመከረዎት ሰው አይጠፋም። ምክሩን በዓለም ዙሪያ ካስፋፉት ሰዎች ዋነኛው ኤሊ ሜችኒኮፍ ነው። የሕይወት ታሪኩን ቢያውቁ ይጠቅምዎታል፤ ሰውየው ግማሹን አግኝቶ ግማሹን ስቷልና።

ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1845 በዛሬዋ ዩክሬን፣ ካርኪቭ አቅራቢያ ተወለደ። የተማረው ሕክምና ሳይሆን ስለ እንስሳት ነው። የመጀመሪያ ሚስቱ ሉድሚላ በ1873 በሳንባ ነቀርሳ ስትሞትበት፣ ከሐዘኑ ብዛት ሕይወቱን ለማጥፋት ሞክሮ ተረፈ። በኋላ ኦልጋን አገባ። በ1882 የኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን ለቅቆ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ጣሊያኗ ሜሲና ሄደ።

እዚያ አንድ ቀን ቤተሰቡ ሰርከስ ሊያይ ሲወጣ እርሱ ከማይክሮስኮፑ ጋር ቀረ። ገላቸው እንደ መስታወት በሚያሳልፍ የኮከብ ዓሣ እጮች ውስጥ ትንንሽ እሾህ ሰካ። በማግስቱ ጠዋት ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውት አገኘ። እንዲህ ያሉ ባዕድ ነገርን ከብበው የሚውጡ ሴሎች በእኛም ደም ውስጥ እንዳሉና ከበሽታ እንደሚጠብቁን ለማስረዳት ዓመታት ተከራከረ። በ1888 ፓሪስ ወደሚገኘው የፓስተር ኢንስቲትዩት ገባ፤ በ1908 ከፖል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው ግን በኋላ ያመጣው ሐሳብ ነው። እነዚሁ ጠባቂ ሴሎች ተመልሰው የራሳቸውን ቤት እንደሚያፈርሱ አመነ፤ ፀጉር የሚሸብተውም ሰው የሚያረጀውም ጤነኛ ሴሎችን ስለሚበሉ መሰለው። ለዚህ ጥፋት ደግሞ በትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች የሚመነጭ መርዝን ተጠያቂ አደረገ። ቡልጋሪያ ውስጥ እርጎ የሚያዘወትሩ ገበሬዎች ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ ስለተባለ፣ እርሱም የረጋ ወተት በየቀኑ ይጠጣ ጀመር።

እርጎ መጠጣቱ ብዙም ጉዳት አልነበረውም። የመርዙ ሐሳብ ግን ለንደን ውስጥ አርባትኖት ሌን የተባለ ቀዶ ሐኪም እጅ ሲገባ፣ የሰዎች ትልቅ አንጀት ተቆርጦ ይወጣ ጀመር። ከእነዚህ ሰዎች መካከል የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው ነበሩ፤ በቀዶ ሕክምናው የሞቱም አሉ። በዚያው ዘመን ሌሎች ሐኪሞች ቁርጥማት ያድናል ብለው ጥርስና ቶንሲል ያወጡ ነበር። ሜችኒኮፍ በ1916 በ71 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ በልብ ሕመም ሞተ።

ታዲያ ከሐሳቡ ምን ቀረ? የመርዙ ነገር ወድቋል። የባክቴሪያና የመከላከያ ሴሎች ግንኙነት ግን ዛሬ ከእርሱ ዘመን ይልቅ በደንብ ይታወቃል። በ2013 ኒው ዮርክ ውስጥ በተሠራ ጥናት፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ ገና የጀመራቸውና ሕክምና ያልወሰዱ ሰዎች አንጀት ውስጥ ፕሪቮቴላ ኮፕሪ የተባለ ባክቴሪያ በብዛት ተገኝቷል። ይህ ብቻውን በሽታውን ያመጣው ባክቴሪያው ነው አያሰኝም። ድድን የሚያቆስል ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ የሰውነትን ፕሮቲን መልክ የሚቀይር ኢንዛይም አለው፤ መልኩ የተቀየረውን ፕሮቲን የመከላከያ ሥርዓታችን እንደ ባዕድ ሊያየው ይችላል። ከሁሉ በላይ የተረጋገጠው በአገራችን ልጆች ላይ የምናየው የሩማቲክ ትኩሳት ነው፦ ጉሮሮ ያቆሰለውን ስትሬፕቶኮከስ ለመዋጋት የተነሣ መከላከያ፣ መገጣጠሚያንና የልብ ቫልቭን ከጠላት ጋር ያምታታል። ስለዚህ የልጅዎን የጉሮሮ ሕመም በጊዜ ያሳክሙ።

ታካሚዎቼ ሜቶትሬክሴት ትተው እርጎ ቢጠጡ ይሻል እንደሆነ ይጠይቁኛል። መድኃኒቱን አያቋርጡ፤ መገጣጠሚያ አንዴ ከተበላ በእርጎ አይመለስም። እርጎውን ከወደዱት ከተፈላ ወይም ፓስቸራይዝድ ከሆነ ወተት የተሠራውን ይጠጡ። ከጥሬ ወተት የተሠራ ከሆነ ብሩሴሎሲስ ሊያስይዝዎ ይችላል፤ መኮምጠጡ ብቻውን ጀርሙን አይገድለውም። ይህ በሽታ ራሱ ትኩሳት፣ ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። እንዲህ ያለ ምልክት ይዞዎት ወደ ሐኪም ሲሄዱ፣ ጥሬ ወተት ይጠጡ እንደሆነ ሳይጠየቁም ይንገሩ።