ጂም ቶርፕ፤ የካርላይል ተማሪ

ግጥሚያ ባሸነፍን ቀን ጐበዙን ተጫዋች በትከሻችን ተሸክመን እንዞራለን፤ ድምፃችን እስኪዘጋም እንጮኻለን፤ የኮሌጃችን ስም ተጠራ ብለን እንኰራለን። ነገር ግን ያ ልጅ ችግር ላይ በወደቀ ጊዜ የት እንደ ደረሰ የምንጠይቅ ስንቶች ነን? ይህን ጥያቄ በልባችን ይዘን፣ የአንድ ተማሪ ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ተማሪው ጂም ቶርፕ ነው፤ የተጫወተለትም ትምህርት ቤት በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬኒያ የነበረው ካርላይል ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ቶርፕ በ1887 ገደማ ዛሬ ኦክላሆማ በሚባለው አገር፣ ከሳክና ፎክስ ነገድ ተወለደ። በነገዱ ቋንቋ የወጣለት ስም ዋቶሁክ ሲሆን፣ ብሩህ መንገድ ማለት ነው ይባላል። መንገዱ ግን ገና በልጅነቱ ጨለመበት። መንትያ ወንድሙ ቻርሊ በልጅነቱ ሞተ፤ ከዚያም እናቱና አባቱ ተከታትለው ሞቱ። ወደ ካርላይል የገባው በ1904 ነው።

ካርላይል በ1879 ሪቻርድ ፕራት የተባለ መኮንን በአሮጌ የወታደር ሰፈር ውስጥ ያቋቋመው አዳሪ ትምህርት ቤት ነበረ። ዓላማው የአሜሪካን ነባር ሕዝብ፣ በተለምዶ ቀይ ሕንዶች የሚባሉትን፣ ልጆች ከወገናቸው ለይቶ የነጮቹን ኑሮ ማልበስ ነበረ። ልጆቹ ሲገቡ ጠጕራቸው ይቈረጣል፤ ስማቸው ይለወጣል፤ በእናታቸው ቋንቋ መናገርም ይከለከላሉ። በዚያው ሞተው በግቢው የተቀበሩት ከ180 ይበልጣሉ።

ይህ ትምህርት ቤት እጅ ሥራ ማስተማሪያ ይባል እንጂ፣ የኳስ ቡድኑ እንደ ሐርቫርድ ካሉት ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ይጋጠም ነበር። የአሜሪካኖች እግር ኳስ እንደ እኛው ዓይነት አይደለም፤ ሞላላውን ኳስ በእጅ ይዞ መሮጥ፣ በእግር መምታት፣ ባላጋራንም ይዞ መጣል የተፈቀደበት ጨዋታ ነው። የካርላይል ልጆች በክብደት ከተጋጣሚዎቻቸው ስለሚያንሱ፣ አሠልጣኛቸው ግሌን ዋርነር በፍጥነትና በዘዴ እንዲያሸንፉ አለማመዳቸው። በ1911 ሐርቫርድን 18 ለ 15 ሲረቱ፣ ቶርፕ አራት ጊዜ ኳሷን በእግሩ መትቶ ነጥብ አገባ። በዚያ ዓመት የተሸነፉት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሲራኪውዝ 12 ለ 11 ነበር።

በ1912 በጋ ቶርፕ ወደ ስቶክሆልም ኦሊምፒክ ተልኮ በአምስቱ ዓይነትና በዐሥሩ ዓይነት ውድድር ሁለት የወርቅ ሜዳይ አገኘ። በመጸው ተመልሶ የትምህርት ቤቱን መለያ ለበሰ። የዚያ ዓመት ቡድን ከ14 ግጥሚያ 12ቱን አሸነፈ፤ ከዋሽንግተንና ጄፈርሰን ኮሌጅ ጋር ያለ ነጥብ ተለያየ፤ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ብቻ 34 ለ 26 ተረታ። ሲራኪውዝንም 33 ለ 0 አሸንፎ ያምናውን ዕዳ ከፈለ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኅዳር መጀመሪያ ላይ በዌስት ፖይንት ከጦር አካዳሚው ዕጩ መኮንኖች ጋር የተደረገው ግጥሚያ ነው። የአሜሪካ ጦር በዉንድድ ኒ ወንዶችንና ሴቶችን፣ ሽማግሌዎችንና ሕፃናትን ከፈጀ ገና 22 ዓመቱ ነበረ። ከዕጩ መኮንኖቹ አንዱ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ድዋይት አይዘንሃወር ነው። እነዚያ ጠጕራቸውን የተቈረጡ ልጆች 27 ለ 6 አሸነፉ። በሜዳ እኩል ሕግ ሲያገኙ ማን እንደ ሆኑ አሳዩ።

ደስታው ሦስት ወር እንኳ አልቈየም። በጥር 1913 ቶርፕ በ1909ና በ1910 በኖርዝ ካሮላይና ለጥቂት ዶላር ቤዝቦል መጫወቱ በጋዜጣ ወጣ። በዚያን ጊዜ ገንዘብ የተቀበለ ሰው በኦሊምፒክ መወዳደር አይችልም ነበር። ሌሎች የኮሌጅ ተማሪዎች በሐሰት ስም ሲጫወቱ፣ እርሱ ግን በገዛ ስሙ ነበር የተጫወተው። አሠልጣኙም የትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪም ነገሩን ከቶ እንዳልሰሙ ተናገሩ፤ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ይህን አያምኑላቸውም። የኦሊምፒኩ ደንብ ተቃውሞ በ30 ቀን ውስጥ ይቅረብ ይል ነበር፤ ቀኑ ቢያልፍም ሜዳዮቹ ተወሰዱበት። 

ከዚያ በኋላ ቶርፕ ለኒው ዮርክ ጃያንትስ ቤዝቦል፣ ለካንተን ቡድን እግር ኳስ ተጫወተ። በ1920 ዛሬ ኤን ኤፍ ኤል የሚባለው የቡድኖች ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እርሱ ነበር። ጕልበቱ ሲደክም ግን ጕድጓድ እየቈፈረ፣ በፊልም ውስጥ ጥቃቅን ቦታ እየያዘ ኖረ። በ1950 የአሜሪካ የስፖርት ጋዜጠኞች የግማሹ ምዕት ዓመት ታላቅ ስፖርተኛ ብለው መረጡት፤ በመጋቢት 1953 በካሊፎርኒያ በድኅነት ሞተ።

ካርላይል ራሱ በ1918 ተዘግቷል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ የቶርፕን አሸናፊነት በ1982 በከፊል መለሰ፤ ብቸኛው አሸናፊ እርሱ መሆኑን ያወቀለት ግን በ2022 ነው። እርሱ ከሞተ 69 ዓመት ሆኖት ነበር።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ምን እንማራለን? ካርላይል የልጁን ጕልበት ወሰደ፤ በስሙም ከበረ፤ በችግሩ ቀን ግን አላውቀውም አለ። በእኛም ግቢ ነገ የቡድናችን ልጅ እግሩ ይሰበር ይሆናል፤ በፈተና ይወድቅ ይሆናል፤ ወይም በሐሰት ይከሰስ ይሆናል። በሜዳ ዳር ቆመን የጮኽንለት ሁሉ ያን ጊዜ በአስተዳደሩ ደጃፍ አብረነው መቆም ይገባናል። ይህን የማናደርግ ከሆነ ግን፣ በድሉ ቀን በትከሻችን መሸከማችን ለራሳችን ክብር እንጂ ለእርሱ አልነበረም ማለት ነው።